ርካሽ የካምፒንግ ቢላ ምን ያህል ይችላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ ለመውጣት ተነስታችኋል፤ ወይ ደግሞ ውጭ አገር ሆናችሁ ቅዳሜና እሁድን ጫካ ልታድሩ አስባችኋል። በትንሽ ዋጋ የተገዛ ቢላ እጃችሁ ገብቷል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል፤ ይሄ ነገር ይችላል ወይስ መንገድ ላይ ጉድ ይሠራኛል? መልሱን ቤት ሆኖ ማግኘት ይቻላል። ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ደጋግመው የሚያነሱትን ሰብስቤ በቀጥታ መልሻለሁ።

በትንሽ ዋጋ የሚረባ ቢላ ይገኛል እንዴ?

በደንብ ይገኛል። እዚህ ላይ እንደ ምሳሌ የምይዘው ሞራክኒቭ ኮምፓኒየን የሚባለውን ነው። ስዊድን ውስጥ ዳላርና በተባለው ክፍል ሞራ የምትባል ከተማ አለች፤ በዚያ አካባቢ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢላ በፋብሪካ ሲሠራ ኖሯል። ኮምፓኒየን ውጭ አገር 20 ዶላር ገደማ ነው የሚሸጠው። ስለቱ 10.4 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ የማይዝገው ዓይነት ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ እጀታው ፕላስቲክና ጎማ፣ አፎቱም ፕላስቲክ። ምንም ጌጥ የለውም። እኔ የምወደውም ለዚህ ነው፤ የከፈላችሁት ገንዘብ የሄደው ለብረቱና ለስለቱ ነው።

ግን እዚህ የምጽፈው ለሞራ ብቻ አይደለም። ከመርካቶ ስሙ የማይታወቅ ቢላ የገዛም ሰው በዚሁ መንገድ መፈተሽ ይችላል። እንዲያውም ፍተሻው ይበልጥ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ፍተሻ ማለት እስኪሰበር ድረስ ማሰቃየት ነው?

አይደለም። ቪዲዮ ላይ ቢላን ኮንክሪት ላይ ሲደበድቡ፣ በመዶሻ ሚስማር ሲያስቆርጡ፣ በብሎኬት መሃል ሰክተው ሲቆሙበት አይታችሁ ይሆናል። ያ ለማየት ደስ ይላል፤ ስለ ቢላው የሚነግራችሁ ግን በጣም ጥቂት ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት ላይ አንድ ጎልማሳ ቢቆምበት መታጠፉ ወይም መሰበሩ አይቀርም፣ ዋጋው 20 ዶላር ቢሆንም 200 ቢሆንም።

ካምፕ ላይ ቢላ የሚሠራው ሥራ ይታወቃል። ሽንኩርትና ሥጋ ይከትፋል፣ ገመድ ይቆርጣል፣ የድንኳን ካስማ ይቀርጻል፣ ደረቅ እንጨት ፍቆ ለእሳት ማቀጣጠያ ያዘጋጃል፣ አንዳንዴም ቀጭን ፍልጥ ይፈልጣል። ፍተሻውም ይህንኑ ሥራ መምሰል አለበት፣ ትንሽ ጠንከር ተደርጎ። ማወቅ ያለባችሁ ስለቱ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ብረቱ ከእጀታው ጋር የተጋጠመበት ቦታ ይላላ እንደሆነና ሲዶለዱም በቀላሉ ይሳል እንደሆነ ነው። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል። ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ የማይዶለድም ቢላ የለማ።

ገና ከካርቶኑ ስናወጣው ምን እንይ?

ሥራ ከማስጀመራችሁ በፊት መብራት ስር ያዙት። ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ መብራቱ ከፊት ለፊት እንዲመታው አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፤ ጥቁር መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። ነጭ ነጥብ ወይም ብልጭ የሚል መስመር ካያችሁ እዚያ ቦታ ላይ ዱልዱም ነው ወይም ተሸርፏል። ይህ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ከሁሉም በላይ ታማኝ የሆነ ዘዴ ነው። ከፍተሻ በፊትና በኋላ ስልካችሁን ተጠግታችሁ ፎቶ አንሱት፤ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቀጥሎ ከእጀታው ጀርባ ሆናችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስከ ጫፉ ተመልከቱ። ጠማማ ከሆነ ወዲያው ይታወቃችኋል። ከዚያ ብረቱ እጀታው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ እዩ። ክፍተት አለ? ጥፍር ይገባል? እዚያው መጋጠሚያ ላይ በእርሳስ ወይም በቀጭን ማርከር ብረቱንም እጀታውንም የሚነካ አንድ መስመር አስምሩ። በኋላ መስመሩ ተለያይቶ ካገኛችሁት ብረቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

ጆሯችሁንም ተጠቀሙበት። እጀታውን ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ የብረቱን ጎን በጥፍር መታ አድርጉት። ጥርት ያለ አጭር ድምፅ ጥሩ ነው። የሚንጣጣ፣ የሚንቀጫቀጭ ነገር ከተሰማ ውስጡ ልል ነው። እንዲህ ዓይነቱን ቢላ ሌላ ፍተሻ ውስጥ አታስገቡት፤ ለሻጩ መልሱ።

ብረቱ ጠንካራ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የተጻፈውን ቁጥር ልመን?

ቢላ ላይ የሚጻፈው ጥንካሬ ሮክዌል በሚባል መለኪያ ነው የሚለካው። የአልማዝ ሾጣጣ በ150 ኪሎ ጫና ብረቱ ላይ ይጫናል፣ ምን ያህል እንደገባ ይታያል። ብዙ ባልገባ ቁጥር ብረቱ ጠጣር ነው፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ለካምፕ ቢላ ከ56 እስከ 60 ያለው ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ስለቱ ቶሎ ይተኛል፣ ማለትም ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ከዚያ በጣም ከፍ ሲል ደግሞ ስለቱ ይቆያል፣ ነገር ግን የእንጨት አንጓ ሲያገኝ መሸረፍ ይመጣል። ጠጣርነትና አለመሰበር ሁልጊዜ ይገፋፋሉ፤ ሁለቱንም እስከ ጥግ የሚሰጥ ብረት የለም።

የማይዝገው ኮምፓኒየን 12ሲ27 ከሚባል የስዊድን ብረት ነው የሚሠራው፤ ካርቦኑ 0.6 ከመቶ፣ ክሮሚየሙ 13.5 ከመቶ አካባቢ። ግን የብረቱን ስም ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ያው ብረት በደንብ ካልጋለ፣ በትክክል ካልቀዘቀዘና ተመልሶ በልኩ ካልሞቀ ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ነው ጥሩው ርካሽ ቢላና መጥፎው ርካሽ ቢላ የሚለያዩት። ስለዚህም ነው ስም ያለው ፋብሪካ የሠራው ተራ ብረት፣ ማን እንዳጋለው የማይታወቅ "ልዩ ብረት" ተብሎ ከሚሸጠው የሚሻለው።

ስም የሌለው ቢላ ከሆነ ሞረድ ይዛችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ጥሩ የብረት ሞረድ ውሰዱና በማይታይ ቦታ፣ ከእጀታው አጠገብ፣ ስለቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ሞረዱ ተንሸራቶ ካለፈ ብረቱ ጠጣር ነው። ጨርሶ ነክሶ ዱቄት ካወጣ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ሽንኩርት ከመክተፍ አያልፍም። ትንሽ ምልክት ይተዋል፣ ይህን አውቃችሁ ግቡበት። ግፊቱም ሳይበዛ፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ።

ስለቱ ምን ያህል እንደሚቆይ እንዴት እለካለሁ?

እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ ካትራ የሚባል የቢላ ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ ያለው ማሽን ስለቱን አሸዋ የተቀላቀለበት ወረቀት ላይ ወዲህና ወዲያ እየጎተተ በየምቱ ምን ያህል እንደቆረጠ ይመዘግባል። ዓለም አቀፍ ደረጃም ወጥቶለታል፤ አይኤስኦ 8442-5 ይባላል። እኛ ማሽኑ የለንም፣ ሐሳቡን ግን መውሰድ እንችላለን፤ አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ዓይነት አያያዝ፣ ደጋግሞ መቁረጥ፣ በመሃል በመሃሉ ደግሞ ማየት።

ቤት ውስጥ ከሚገኘው ሁሉ የተሻለው ካርቶን ነው። ካርቶን ለስላሳ ይመስላል እንጂ ውስጡ አቧራና ማዕድን ስላለው ስለትን ክፉኛ ይበላል። ከአንድ ትልቅ ካርቶን ረጃጅም ቁራጮች እያወጣችሁ ሂዱ። ከመጀመራችሁ በፊት የደብተር ወረቀት በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ ቁረጡና እዩ፤ ስል ቢላ ሳይጎትት፣ ሳይቀድ፣ ሸርተት ብሎ ይወርዳል። ትንሽ ካርቶን ቆርጣችሁ እንደገና ወረቀቱን ሞክሩ። ወረቀቱ መቀደድ የሚጀምርበት ቦታ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከዚያ በኋላም ቢላው ለእንጨትና ለገመድ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ወረቀት አልቆረጠም ብላችሁ አትጣሉት።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ጥሩ ነገር አለ፣ የቃጫ ገመድ። ቃጫ ሻካራ ነው፣ የእውነት የካምፕ ሥራም ነው። ገመዱን እንጨት ላይ አጋድማችሁ፣ ቢላውን ሳትጎትቱ ወደ ታች ብቻ ተጭናችሁ ቁረጡት። ቢላው እየዶለዶመ ሲሄድ የምትጫኑት ኃይል ይጨምራል፤ ክንዳችሁ ራሱ ይነግራችኋል። የወጥ ቤት ሚዛን ካለ ደግሞ ገመዱንና እንጨቱን ሚዛኑ ላይ አስቀምጣችሁ ስንት ኪሎ ላይ እንደተቆረጠ ማንበብ ትችላላችሁ። ሁለት ቢላ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ የቤት ውስጥ ዘዴ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው "ቢላዬ አንድ ቀን አልቆየም" የሚለው ብረቱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን የብረት ትሪ ወይም የሸክላ ሰሃን ላይ ስለሚከትፍ ነው። የሸክላ ሰሃን ከአብዛኛው የቢላ ብረት ይጠጥራል። ቲማቲሙን አልፎ ሰሃኑን በነካ ቁጥር ስለቱ ይተኛል። ካምፕ ስትወጡ ትንሽ የእንጨት መክተፊያ ያዙ፣ ወይም የተፈለጠ እንጨት ጠፍጣፋ ጎኑን ተጠቀሙ።

በዱላ እየመቱ እንጨት መፍለጥስ? ይችለዋል?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያከራክር ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ፦ ቢላውን የተቆረጠ እንጨት አናት ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ጀርባውን በሌላ እንጨት ትመታላችሁ፣ ቢላው እየሰነጠቀ ይወርዳል። መጥረቢያ ለሌለው ሰው፣ በተለይ እንጨቱ ላዩ በዝናብ ርሶ ውስጡ ደረቅ በሆነ ጊዜ፣ ትልቅ ነገር ነው።

እንደ ኮምፓኒየን ያለ ቢላ ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው አይሄድም። ጭራ ሆኖ ይቀጥንና መንገድ ላይ ይቆማል፣ ፕላስቲኩ ዙሪያውን ተፈስሶበት ነው የያዘው። ስለዚህ ደካማው ቦታ ስለቱ አይደለም፣ መጋጠሚያው ነው። እንጨቱ ከእጃችሁ አንጓ የቀጠነ ከሆነ፣ ሐረጉ፣ ማለትም የእንጨቱ ጭረት፣ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ቢላው ያለ ችግር ይወርዳል። ችግር የሚመጣው ብረቱ አንጓ ላይ ቆሞ ሲቀር፣ ሰው ተናድዶ የሚታየውን ጫፍ ደጋግሞ ሲመታው ነው። ያኔ ኃይሉ በሙሉ የሚያርፈው መጋጠሚያው ላይ ነው። ከዚያም የባሰው ቢላውን ግራና ቀኝ እየነቀነቁ ለማውጣት መሞከር ነው። እንዲህ ሲሆን ጎኑን ሳትነቀንቁ እንጨቱን ገልብጡት፣ ወይም ከእንጨት ሽብልቅ ቅረጹና ስንጥቁ ውስጥ አስገብታችሁ ምቱት፤ ቢላው ራሱ ይለቃል።

የእንጨቱ ዓይነት ውጤቱን ይለውጠዋል። ጽድ ሐረጉ ቀጥ ያለ ነው፣ ሲመቱት ጠረኑን እየለቀቀ በቀላሉ ይከፈላል፤ ለመጀመሪያ ፍተሻ ግሩም ነው። የደረቀ ባሕር ዛፍ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ሐረጉ ተጠማዝዞ ያደገ ስለሆነ ቢላው ቀጥ ብሎ ገብቶ ጠማማ ሆኖ ይወጣል፣ በመሃል መጋጠሚያው ይጨነቃል። ወይራን በቀጭን ቢላ ለመፍለጥ አትሞክሩ። ግራርም አንጓው ብዙ ነው።

ፍተሻው እንዲህ ይሁን፦ ከጽድ ወይም ከግንባታ ከተረፈ ቀጥ ያለ እንጨት ጀምሩ፣ ቀጥሎ ቀጭን ባሕር ዛፍ፣ መጨረሻ ላይ አንድ አንጓ ያለበት። ከእያንዳንዱ በኋላ ቆም በሉና የእርሳሱን መስመር እዩ፣ በጥፍራችሁ መታ አድርጉና ድምፁን ስሙ፣ ስለቱን መብራት ስር ያዙት። መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ ድምፁ ካልተለወጠ፣ ስለቱ ላይ ነጭ ነጥብ ካልወጣ ቢላችሁ ከሚጠበቅበት በላይ ሠርቷል።

እባካችሁ ለዚህ ፍተሻ የቆመ ዛፍ አትንኩ። በተለይ ሰሜን ተራሮች ውስጥ አስታውም ጅብራውም የተጠበቀ ነው፤ ቦታው ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያለ፣ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ የቆየ ነው። ቢላ ለመሞከር ብሎ ቅርንጫፍ መቁረጥ ነውር ነው። ፍተሻውን ቤታችሁ ጨርሳችሁ ሂዱ።

ስለቱ ተሸረፈ ወይም ተጣጠፈ፤ ቢላው መጥፎ ነው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ሁለቱን መለየት ይጠቅማል። ስለቱ ወደ ጎን ከተኛ፣ በጣት ጫፍ ከጎን ወደ ውጭ ስትዳስሱት አንዱ ጎን ላይ ይይዛል፤ ይህ ብረቱ ለስላሳ መሆኑን ወይም ስለቱ እጅግ መቅጠኑን ያሳያል። ከተሸረፈ ግን ቁራጭ ወጥቶ ሄዷል፣ ጥርስ ጥርስ ይመስላል፤ ይህ ጠጣርነት የበዛበት ብረት ምልክት ነው።

ሞራ አሳሳሉ ከብረቱ ወገብ በታች ተነስቶ በአንድ ሰያፍ እስከ ስለቱ የሚወርድ ነው። ለእንጨት ሥራ ድንቅ ነው፣ መፋቂያ ስትቀርጹበት ወዲያው ይገባችኋል። የስለቱ ጠርዝ ላይ ግን በጣም ቀጭን ስለሆነ አንጓ ሲነካ ትንሽ መተኛቱ የሚጠበቅ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በድንጋይ ላይ ጀርባውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በሁለቱም ጎን ጥቂት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ማሻሸት። ስለቱ ላይ በዓይን እምብዛም የማይታይ ሁለተኛ ሰያፍ ይወጣል፣ ጥንካሬውም በጣም ይጨምራል። ከዚህም በኋላ በቀላል ሥራ የሚተኛ ወይም የሚሸረፍ ከሆነ ያኔ ብረቱን መውቀስ ይቻላል።

ናስ ያለው ሰው አንድ የድሮ የቢላ ሠሪዎች ዘዴ መሞከር ይችላል። የተሳለውን ስለት የናስ ዘንግ ላይ በትንሽ ማዕዘን አስተኝታችሁ ጫን በሉት፤ ስለቱ ትንሽ ይለመጥና ስትለቁት ይመለሳል። ተለምጦ ከቀረ ለስላሳ ነው፣ ከተሸረፈ ደራቅ ነው፣ ከተመለሰ በትክክል የተሠራ ነው።

ጫፉስ?

ጫፉን ለስላሳ እንጨት ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩት፣ ቀዳዳ እንደምትቆፍሩ ሁሉ። ይህን ከቻለ ይበቃል። ቆርቆሮ መክፈት፣ ድንጋይ መፈንቀል፣ ብሎን መፍታት የቢላ ሥራ አይደለም፤ ለዚህ ጫፉ ቢሰበር ጥፋቱ የቢላው አይደለም።

"የማይዝግ" ብለውኝ ዛገብኝ። አታለሉኝ?

ምናልባት አላታለሏችሁም። የማይዝግ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 ከመቶ ክሮሚየም ያለው ነው፤ ዝገትን ይቋቋማል እንጂ ጨርሶ አይዝግም ማለት አይደለም። በጨውና በሎሚ የተነካካ ቢላ ሳይታጠብ እርጥብ አፎት ውስጥ ካደረ ነጠብጣብ ያወጣል።

ፍተሻው ይህ ነው፦ ቢላውን በሎሚ አሽታችሁ ላዩ ላይ ጨው ነስንሱበት፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ታጥቦ ንጹሕ ከሆነ ወይም በትንሹ ታሽቶ የሚለቅ ነጠብጣብ ብቻ ካለው ደህና ነው። ብረቱን ቆፍሮ የገባ ዝገት ካገኛችሁ "ስቴንለስ" የሚለውን ጽሑፍ ተጠራጠሩት።

የካርቦን ብረት የሆነውን የገዛችሁ ይህን ፍተሻ ተዉት፤ መዛጉ የታወቀ ነው። እሱ ሌላ ጥቅም አለው፣ በቀላሉ ይሳላል፣ ስለቱም ጥርት ያለ ነው። ሽንኩርትና ሎሚ ሲቆርጥ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይይዛል፤ ያ ጉዳት አይደለም፣ እንዲያውም ቀዩን ዝገት በመጠኑ ይከላከላል። ቀዩ ሲመጣ ነው መቸኮል። ክረምት ላይ ለሚወጣ ወይም ቢላውን ቶሎ ማጽዳት ለሚረሳ ሰው የማይዝገውን እመክራለሁ።

ብርድ እጀታውን ይሰብረዋል?

የርካሽ ቢላ እጀታ ፕላስቲክ ነው፣ አንዳንድ ፕላስቲክ ደግሞ ሲበርደው ይደርቃል። ሰሜን ተራሮች ላይ ጨነቅና ግጭ ካምፖች፣ ባሌም ከሳነቴ አምባ ላይ፣ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ቢላውን ከነአፎቱ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት ወዲያው ከወገብ ከፍታ እጀታው በቅድሚያ እንዲያርፍ አድርጋችሁ አፈር ላይ ጣሉት። ከአፎቱ ሳይወጣ፣ እግራችሁንም አርቃችሁ። ከዚያ እጀታውንም አፎቱንም ስንጥቅ ፈልጉበት።

ሌላው መንሸራተት ነው። እጃችሁን ዘይት ቀቡና ቢላውን ጨብጣችሁ ያዙት፣ የእንጨት ዱላ እንደምትወጉ ወደፊት ግፉ፤ ስለቱ ግን በወፍራም ጨርቅ የተጠቀለለ ይሁን። እጅ ወደ ስለቱ የሚንሸራተት ከሆነ ያ ቢላ ካምፕ ላይ ሥጋ ለመበለት አይሆንም። የጣት መከልከያ ያለው እጀታ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

አፎቱንም መፈተሽ አለብኝ?

በጣም አለባችሁ፣ ምክንያቱም ቢላው ከአፎቱ ወጥቶ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ወደ ታች ገልብጣችሁ በደንብ አራግፉት። ከወደቀ አትመኑት። ቀበቶ ላይ አድርጋችሁ ቁጭ ብድግ በሉ፣ ደረጃ ውጡ። አንድ ነገር ደግሞ እዩ፤ ቢላው ሲገባና ሲወጣ ስለቱ ፕላስቲኩን ይፍቃል? የሚፍቅ ከሆነ ቢላው ራሱን በራሱ እየዶለደመ ነው።

ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ የአገር ቢላስ? ከፋብሪካው አይሻልም?

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ባሌስትራ ሸክም ተሸክሞ እንዲለመጥና እንዲመለስ የተሠራ ብረት ነው፣ በቀላሉ አይሰበርም። ጎበዝ ቀጥቃጭ እጅ ከገባ ለፍልጥ ሥራ ከቀጭን ፋብሪካ ቢላ በጣም ይሻላል፤ ብረቱም ብዙ ጊዜ እስከ እጀታው መጨረሻ ይሄዳል። ልዩነቱ አንዱ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው። ፋብሪካው ሁሉንም በአንድ ሙቀት ያጋላል፣ ቀጥቃጩ ግን በዓይኑ ቀለሙን አይቶ ነው የሚወስነው፤ ስለዚህ አንዱ ቢላ ግሩም፣ ሌላው ለስላሳ ሊሆን ይችላል። የሞረዱን ፍተሻ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው አድርጉት። በሙያው የሚተማመን ሰው አይቆጣም።

ባሌስትራ ይዝጋል። ዘይት አትለዩት።

በየመንደሩ ግራይንደር ይዘው ለሚስሉት ልስጠው?

ለወጥ ቤት ገጀራ ይሆናል፣ ለዚህ ቢላ ግን እኔ አልሰጥም። ደረቅ ግራይንደር በሴኮንዶች ውስጥ ስለቱን ያግለዋል። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ብረቱ ቢያንስ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል ማለት ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ጥንካሬ ቀንሷል። ከዚያ በኋላ "ይሄ ቢላ አይቆይም" ብትሉ እውነት ነው፣ ፋብሪካው ግን ጥፋት የለበትም። በእጅ፣ በውሃ በራሰ ድንጋይ ሳሉት። የሞራ አሳሳል ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ሰያፉን ድንጋዩ ላይ ልጥፍ አድርጋችሁ ስታስተኙት ማዕዘኑ ራሱ ይመጣል፣ መገመት አያስፈልግም።

በዚሁ ምክንያት ቢላችሁን ፍም ውስጥ አታስገቡት፣ ሥጋም እሳት ላይ አትገልብጡበት።

በጀርባው የእሳት ብረት (ሲፋቅ ብልጭታ የሚሰጠውን ዘንግ) መፋቅ ይቻላል?

በተራው ኮምፓኒየን አይመችም፤ ጀርባው ሹል ጠርዝ እንዲኖረው አልተሞረደም። ጀርባውን ራሳችሁ በሞረድ ቀጥ ያለ ጠርዝ ብታወጡለት ይሠራል። ስለቱን ግን ለዚህ አትጠቀሙበት።

ስንፈትሽ ራሳችንን እንዴት እንጠብቅ?

ተቀምጣችሁ ጭናችሁ መሃል አትቁረጡ። ጭን ውስጥ ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፣ ያ ከተቆረጠ ከከተማ ርቃችሁ ከሆነ ለሕይወት ያሰጋል። ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፋችሁ ከጉልበት ወዲያ ቁረጡ፣ ወይም ወደ ጎን ዞራችሁ። ስትፈልጡ የማይመታው እጅ እንጨቱን አይያዝ፣ የቢላውን እጀታ ብቻ ይያዝ። ብረቱን ወደ ጎን የሚያስለምጥ ማንኛውንም ነገር ያለ መነጽር አታድርጉ። ልጆች ለማየት ይጓጓሉ፤ የተዘረጋ ክንድና ቢላ ከሚደርስበት አርቀው ይቁሙ።

ጨርሶ ውድ የሚያስፈልገኝ መቼ ነው?

ፍልጥ መፍለጥ የየቀን ሥራችሁ ከሆነ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የኮምፓኒየንን ወፍራሙን ዓይነት እዩ፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፣ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የሚሄድ ከፈለጋችሁ ያው ፋብሪካ ጋርበርግ የሚባል አለው፤ ዋጋው ግን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ለምግብ፣ ለገመድ፣ ለመቅረጽ ቀጭኑ ርካሹ ከወፍራሙ ይሻላል፤ ወፍራም ቢላ ካሮት ሲቆርጥ ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥም። መጥረቢያ ወይም ትንሽ መጋዝ ጨምሮ ርካሽ ቢላ መያዝ፣ አንድ ውድ ቢላ ይዞ ሁሉን በሱ ከመሞከር ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከውጭ ወደ አገር ቤት፣ ወይም በከተማ ይዞ መሄድስ?

አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ በሚጫነው ሻንጣ፣ አፎቱ ውስጥ ሆኖ፣ ተጠቅልሎ ይሂድ። በከተማ ይዞ መሄድ እንደየአገሩ ነው። ብሪታንያ ውስጥ የማይታጠፍ ቢላ በቂ ምክንያት ሳይኖር በአደባባይ መያዝ ወንጀል ነው። ጀርመን የማይታጠፈውን ስለቱ ከ12 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ትከለክላለች፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በሕዝባዊ በዓላት ላይ ሕጉን ይበልጥ አጥብቃለች። እስራኤልም ያለ ሕጋዊ ምክንያት ከቤት ውጭ ቢላ መያዝን ትቀጣለች። አሜሪካ በየስቴቱ ይለያያል። ካምፕ ስትሄዱ ከድንኳኑ ጋር ቦርሳው ውስጥ ታሽጎ ይሂድ፤ ስትመለሱ ደግሞ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ፍተሻውን ካለፈ በኋላ ምን ላድርግለት?

እጠቡት፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፣ ስለቱን መልሳችሁ ሳሉት። የምግብ ዘይት በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ የመኪና ዘይት ምግብ ለሚነካ ቢላ አይሆንም። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት ከሆነ ከአፎቱ ውጭ በወረቀት ጠቅልላችሁ አኑሩት። አፎቱንም ገልብጣችሁ አራግፉት፤ ኮምፓኒየን አፎት ታች ላይ ውሃ ማውጫ ቀዳዳ አለው፣ በጭቃና በእንጨት ፍቅፋቂ ሲደፈን ውሃው ውስጡ ይቀራልና በስንጥር ጠርጉት።